ሦስተኛማ አለ

ጣና ዳር ጀበና ቡና እየጠጣሁ ነው የሰማሁት። ሬዲዮ ላይ የቀረበ እንግዳ ስለ «መጤ ባህል» ሲያብራራ ቆየና እንዲህ ብሎ አሰረው፦ «ወንድም ሴትም አይደለሁም የሚባል ነገር ከየት መጣ? ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። አንተ አለ፣ አንቺ አለ። ሦስተኛ የለም።» አቅራቢው ሳቀ። ቡና የምታፈላውም ሳቀች። እኔ ስኒዬን አስቀመጥኩ።

ሥርዓተ ገዳም ቢጠቅስ ዝም እል ነበር። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ ሌላው ሲወርድ እኔ ጀልባው ውስጥ እቀራለሁ፣ ማንም ሳያስገድደኝ። ሕግ ቢጠቅስም የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 629 አውቀዋለሁ። የሚያወራው ስለ ሌላ ጉዳይ፣ በተመሳሳይ ፆታ መካከል ስለሚፈጸም ወሲብ ነው፤ ሰዉ ግን አይለይም፤ ስሜን እዚህ ያልጻፍኩትም ለዚሁ ነው። ሰውዬው የጠቀሰው ግን ሰዋስው ነው። እዚያ ላይ አልለቀውም።

ሦስተኛ የለም? እርስዎስ? አንቱስ? አንቱ ሲባል እየሰማ ያደገ የጎጃም ሰው ይህን እንዴት ይረሳል? «ይምጡ» ሲባል የሚመጡት መሪጌታ ይሁኑ እማሆይ፣ ግሡ አይነግርም። «በ1882 ዓ.ም. ነገሡ» በሉ፤ ምኒልክ ናቸው። «በ1909 ዓ.ም. ነገሡ» በሉ፤ ዘውዲቱ ናቸው። ነገሡና ነገሡ። አማርኛ ሰው ሲያከብር ወንድ ሴት ማለቱን ይተዋል። «እሱማ ለአክብሮት ነው» ትሉኝ ይሆናል። ታዲያ እኔ ሌላ ምን ጠየቅኩ?

እስቲ ደግሞ ወደ ላይ ተመለሱና ይህን ጽሑፍ ፈትሹት። ወንድ ነኝ ሴት? «እኔ» ስል አማርኛ መታወቂያ አይጠይቀኝም።

አንተና አንቺስ ቢሆኑ መቼ ቦታቸው ላይ ረግተው ያውቃሉ? እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «አንቺ» ትለዋለች፤ ሴቷን «አንተ»። የኔ እናት ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነበር የምትለኝ፦ «ነይ እስቲ፣ ብላ እንጂ!» ዓሣ የሚሸጥበት ውረዱ። ትንሿ ቆሮሶ «ስንት ናት?» ትባላለች፣ ትልቁ «ስንት ነው?»። እንቁላል አላት ወይ ብሎ ያጣራ የለም።

አንድ ነገር ልመን። የምንጠራባቸው ቃላት አስቀያሚ ናቸው። ሴታሴት። ወንዳወንድ። ፍናፍንት። ሁሉም በስድብነት ነው የሚታወቁት። ግን በአውሮፕላን ተጭነው አልመጡም፤ ሰው ደግሞ ለሌለ ነገር ስድብ አያወጣም።

ሒሳብ ከፍዬ ወጣሁ። አንድ ባጃጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ልጁ «ወዴት ነው፣ አባ…» ብሎ ጀመረ። ቀና ብሎ አየኝ። «እና…» አለ። ራሱን አከከ። ሃያ ዓመት አይሞላውም።

«ይግቡ በቃ!» አለኝ።

ገባሁ።