ማስተካከያ፦ እንቁላሉን የሚጠብቀው አባትየው ነው

ባለፈው ስለ ሻኒ ስጽፍ «እናትየዋ እንቁላሎቿን ትጠብቃለች» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሻኒ በብሪታንያና በሌሎች የአውሮፓ አትላንቲክ ዳርቻዎች፣ ድንጋያማና ጥልቀት በሌለው ውሃ የምትኖር ትንሽ ዓሣ ናት። እናትየዋ እንቁላሏን ድንጋይ ሥር ወይም ስንጥቅ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች። እስኪፈለፈሉ ዘብ የሚቆመው አባትየው ነው። ያኔ ሰውነቱ ይጠቁራል፣ ከንፈሩ ግን ይነጣል። ኖራ የላሰ ነው የሚመስለው!

«ቅርፊቷ አሸዋ ይመስላል» ያልኩትም ልክ አይደለም። ሻኒ ጭራሽ ቅርፊት የላትም። ቆዳዋ ልሙጥና በንፍጥ የተሸፈነ ነው፤ ሲይዟት ሙልጭ የምትለውም ለዚህ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ እርጥብ ድንጋይ ሥር ተሸጉጣ ከውሃ ውጭ ትቆያለች ያልኩት ግን እንዳለ ነው።