በጎረቤት ፊት የተሰጠ ፈቃድ

በምኖርበት በስዊድን ለጥናት ቃለ መጠይቅ ተጠይቄ አውቃለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ ጎንደር፣ አዘዞ፣ እናቴ ስትጠየቅ አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። ያየሁት እስካሁን ያንገበግበኛል።

መረጃ ሰብሳቢው ትሑት ወጣት ነው። ታብሌቱን ይዞ፣ ከቀበሌ ከተመደበለት መንገድ መሪ ጋር የመጣው ግን ቡና ፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ሰዓት ነበር። በጥናቱ ለመሳተፍ ፈቃድ የሚጠየቅበትን የስምምነት ጽሑፍ እንደ ዳዊት በአንድ ትንፋሽ ካነበነበው በኋላ «እማማ፣ ፈቃደኛ ነዎት?» አላት። «ቤቴ ድረስ መጥተህ እንዴት እምቢ እልሃለሁ ልጄ፣ ጠይቅ» አለችው። ከዚያ ገቢዋ፣ ከውጭ የሚላክላት ገንዘብ፣ የምትውጠው መድኃኒት ሁሉ በሰው ፊት ተዘረዘረ። ስንት ልጅ እንደሞተባት ሲጠይቃት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ዝም አለች፤ መልሱን የሰጠላት መንገድ መሪው ነው። የተነበበላት ጽሑፍ «መልስዎ በሚስጥር ይጠበቃል» ይላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ከሰማው በኋላ የሚጠበቀው ከማን ነው?

ስዊድን ውስጥ ስለ ጤናዬ የጠየቀችኝ ተመራማሪ ጽሑፉን አስቀድማ ልካልኝ አስቤበት እንድመጣ ነገረችኝ፤ በቀጠሮው ቀንም በሩን ዘግታ፣ ያልፈለግሁትን ጥያቄ ማለፍ፣ ምክንያት ሳልሰጥም ማቋረጥ እንደምችል፣ ስሜ በመለያ ቁጥር ተተክቶ ከመልሴ ተለይቶ እንደሚቀመጥ አስረዳችኝ። ይህ የእሷ ደግነት ብቻ አይደለም፤ የኋላ ታሪክ አለው። አሜሪካ ቱስኪጊ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁሮች እውነቱ ሳይነገራቸው፣ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳይታከሙ የጥናት መሣሪያ ሆነው ኖረዋል፤ የፈቃድ ደንብ የጠበቀው እንዲህ ካለው በደል በኋላ ነው።

ይህን ሳነሳ «የእኛ ሰው ፊደል አልቆጠረም፣ ቅጽ ያስፈራዋል» የሚሉኝ አሉ። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው፣ በሰው ላይ ለሚደረግ የሕክምና ጥናት ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ ድንጋጌ ግን መፈረም ለማይችል ሰው ምስክር ባለበት በቃል ፈቃድ መስጠትን ይቀበላል፤ የማኅበረሰብ መሪ ይሁንታም የግለሰቡን ፈቃድ እንደማይተካ በግልጽ ይናገራል። እናቴ ነገ መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ መሄዷ አይቀርም፤ ታዲያ የቀበሌው ሰው አጠገቧ ቆሞ እንዴት እምቢ ትበል?

ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያዎችን ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት፤ አገሪቱም ዛሬ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። የጎደለው ሕግም እውቀትም አይመስለኝም። መረጃ ሰብሳቢ በቀን ይህን ያህል መጠይቅ ሙላ ተብሎ ሲላክ፣ ጎረቤት እስኪበተን መጠበቅ ከሥራው አይቆጠርለትም፤ ስለዚህ የምወቅሰው ልጁን አይደለም። መንገድ መሪው ቤቱን አሳይቶ ከደጅ ይመለስ፤ ጠያቂውም ቤቱ ሰው ከሞላበት ሌላ ሰዓት እንዲቀጥር ይፈቀድለት፤ ጥናቶችን የሚያጸድቁት የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችም ፊርማ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ፊርማው ሲሰጥ ቤቱ ውስጥ ማን እንደነበረ ይጠይቁ።