ዝናብ ሲመጣ የት እንጠለል?

የሐምሌን ዝናብ በጅማ አሮጌው የገበያ ሰፈር፣ ሂርማታ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ካፊያ እንኳ ሳይቀድመው ዶፉ ይወርዳል። ባለፈው ክረምት ድንገት ሲይዘኝ ሮጬ የገባሁት አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት በረንዳ ሥር ነበር። የእንጨት ምሰሶው ስንት ሰው እንደተደገፈው እንጃ፣ በትከሻ ልክ ያለው ቦታ ልሙጥ ብሎ ያብረቀርቃል። አጠገቤ በቆሎ የምትጠብስ እናት ምድጃዋን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ሥራዋን ቀጠለች። ማዶ ካለው ሰማያዊ የመስታወት ሕንፃ ሥር ግን አንድም ሰው አልቆመም፤ ምን መጠለያ አለውና።

ስለ ጅማ አሮጌ ሰፈሮች ክርክር ሲነሳ አንዱ «ይፍረስና ከተማዋ ትደግ» ይላል፣ ሌላው «ምንም እንዳይነካ»። እኔን የሚያሳስበኝ ከአሮጌው ጎን የሚቆመው አዲሱ ነው። ጅማ መሥራቷ አይቀርም፣ መሥራትም አለባት።

አንድ ወዳጄ እዚያው አካባቢ ሊያሠራ ያሰበውን ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ንድፍ አሳየኝ። «ቅርሳችንን አክብረናል» አለኝ በኩራት። ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ በሩ ላይ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የሚመስል ጌጥ ተለጥፎበታል። ይህን ማክበር ልለው አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በጅማ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ከከተማዋ አጠገብ፣ ጅሬን ላይ ያሠሩት ቤተ መንግሥት ውበቱ ከሥራው አይለይም፦ ሰፊው የጣሪያ ክፈፍ ውኃውን ከግድግዳው ያርቃል፣ ሰገነቱ ጥላና ነፋሻ አየር ይሰጣል። የሂርማታ ነጋዴዎች ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ አድርገው የሠሯቸው የእንጨትና የጭቃ ቤቶችም በዚሁ ብልሃት ነው የቆሙት። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የተሠሩት መልካቸው ሌላ ነው፤ ያም ሆኖ አብዛኞቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ሰማዩን አይጋርዱም።

ስለዚህ ለወዳጄ ያልኩት ይህንን ነው፦ ጌጡን ተወው፣ ብልሃቱን ውሰድ። አራት ፎቅ ካስፈለገህ የላይኞቹን ሁለቱን ከመንገዱ ገባ አድርጋቸው፤ ከፊት የሚታየው ከጎረቤትህ ጣሪያ ጋር ይስተካከል። ከታች መንገደኛ የሚጠለልበት በረንዳ ይኑርህ። የሱቅ በሮቹን አጥብበህ አብዛቸው፣ አንድ ትልቅ የመስታወት ግድግዳ አታድርገው። ኮንክሪትም ቢሆን ግድ የለኝም፤ አሮጌ ለመምሰል መዋሸት አያስፈልገውም።

ሕጉ መነሻ አለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርሶች ተሰባስበው የሚገኙበትን ቦታ ከልሎ ግንባታውን በፈቃድ ለማድረግ ያስችላል። ነገር ግን ፈቃድ ሰጪውም ሆነ ንድፍ አውጪው በእጁ የሚይዘው፣ «በዚህ ጎዳና ከፍታው ይህን ያህል፣ በረንዳው ይህን ያህል» የሚል ግልጽ መመሪያ ያስፈልገዋል። ለሂርማታ ሁለት ገጽ ይበቃዋል። መንገዶች በኮሪደር ልማት እየሰፉ፣ ሕንፃዎች ፊታቸውን እየቀየሩ ባሉበት በዚህ ጊዜ ካልተጻፈ ሌላ ጊዜ የሚደርስበት ነገር አይኖርም።

ወዳጄ ንድፉን ወደ መሐንዲሱ መልሶታል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «በረንዳው ሁለት ሜትር ቢሆን በቆሎ ጠባሿን ከነምድጃዋ ይይዛታል?»