ዋይፋዩ ጦሙን እንዳያድር

መሬት ጦሙን ሲያድር የሚቆጨው ገበሬ ብቻ አይደለም። በጅማ ቢሮዎች የመሥሪያ ቤቱ ኢንተርኔት ለአንዲት ደቂቃ ሥራ ፈትቶ ከዋለ አንጀቱ የሚያርር ሠራተኛ ሞልቷል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ያልተገደበው ጥቅል ተጠቀሙበትም አልተጠቀሙበትም የወሩ ክፍያ አይቀንስም። ስለዚህ ማንም ሳያየው ያለፈ ቪዲዮ ሁሉ የሕዝብ ሀብት ብክነት ነው። ይህን ብክነት ለመከላከል ምሳውን እንኳ ከወንበሩ ሳይነሣ የሚበላ አለ። እንዲህ ያለ ሰው የአበል ጥያቄ አለማንሣቱ ይገርማል።

እነዚህን አርበኞች «በሥራ ሰዓት ይጫወታሉ» እያሉ የሚያሙ አሉ። ሐሜት ነው። የሚያዩት ሥራ በቀዘቀዘ ሰዓት ብቻ ነው። ሥራ የሚቀዘቅዘው ደግሞ ጠዋት ቡና እስኪፈላ፣ ቡናው ከተጠጣ በኋላ ወሬው እስኪያልቅ፣ ከሰዓት ዝናቡ ሲመጣ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ከመውጣት በፊት ባለው አንድ ሰዓት ነው። የንግድ ፈቃድ የሚታደስበት ክፍል ከሆነ እድሳቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ ከጥር እስከ ሰኔ ያለው ቀዝቃዛ ነው። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽም ነጋዴው «ገና ጊዜ አለ» ብሎ ስለማይመጣ ያው ነው። የሚቀረው የታኅሣሥ የመጨረሻ ሳምንት ነው፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ሲስተም የለም።

ለማያውቅ ሰው ቀዝቃዛ ሰዓት በራሱ የሚመጣ ይመስለዋል። አይደለም፤ ይመረታል፤ አመራረቱም እንዲህ ነው። የቢሮው መስመር በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ነው እንበል። በ720 ጥራት የሚታይ አንድ ቪዲዮ በሰከንድ 2.5 ሜጋ ቢት ገደማ ይወስዳል። አራት ሰው ካየ መስመሩ አለቀ። ባለጉዳይ በሚስተናገድበት መስኮት ያለው ኮምፒውተር የሚፈልገው ኢምንት ነው፤ አንድ ቅጽ ለመክፈት ጥቂት መቶ ኪሎ ባይት ይበቃዋል። ነገር ግን ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ተራ ራውተር ባለጉዳይ የቆመበት ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ የመጣለትን በመጣበት ተራ ያስተናግዳል። ቅጿ ከአራት ቪዲዮ ኋላ ተሰልፋ ትጠብቃለች፤ ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤ በመጨረሻ ገጹ ጊዜው አለፈ ብሎ ይዘጋል። ያኔ ከመስኮቱ በኩል ያቺ የታወቀች ቃል ትሰማለች፤ «ሐጂ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ።»

ልብ በሉ፣ ውሸት አይደለም! ሲስተሙ በእውነት የለም። ሐጂም ከአጋሮ 45 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ መምጣታቸውን ተናግረው፣ ተማጽነው፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይሄዳሉ። መስኮቱ ባዶ ሆነ፤ ቀዝቃዛ ሰዓት ተወለደ። በመስኮቱ ያለው ሠራተኛም ሥራ ስለሌለው ቲክቶክ ይከፍታል፤ አምስተኛው ቪዲዮ ተጨመረ። የሚቀጥለው ባለጉዳይ ሲደርስ ሲስተሙ ከቅድሙ ይልቅ የለም። ይህን ዑደት ማቆም እንዳይቻል አድርጎ ያለ በጀትና ያለ ስብሰባ መዘርጋት ቀላል ጥበብ አይደለም። በተለይ ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ገጠሬው የሂርማታ ገበያውንም የቢሮ ጉዳዩንም በአንድ መንገድ ልጨርስ ብሎ ሲጎርፍ፣ ጥበቡ ሙሉ ውበቱን ያሳያል።

አንዳንዱ አርበኛ ደግሞ ሳያውቀው ያገለግላል። ስልኩ በኪሱ፣ እጁ በፋይሉ ላይ፣ ፊቱ የሥራ ፊት። የስልኩ አፕሊኬሽኖች ግን ዋይፋይ እስኪያገኙ ሲጠብቁ አድረዋል፤ ገና በሩን ሲገባ ራሳቸውን ማደስ ይጀምራሉ። ቴሌግራም አርባ ግሩፕ ውስጥ የተለቀቀውን ፎቶና ቪዲዮ ሳይጠየቅ ያወርዳል። የቅዳሜው ሠርግ ፎቶም ወደ ጎግል ይሰቀላል። ይሄኛው ለብቻው ሊመሰገን ይገባል፤ በአሮጌው የመዳብ መስመር ላይ መላኪያው ከመቀበያው እጅግ ስለሚጠብ አንድ ሠርግ ብቻውን ይዘጋዋል። መላኪያው ሲዘጋ «ደረሰኝ፣ ቀጥል» የሚለው ምላሽ መውጫ ስለሚያጣ መቀበያውም አብሮ ይሰንፋል። እንግዲህ ማንም ቪዲዮ ሳያይ ቢሮው በሙሉ ቆሟል ማለት ነው።

ፊልም አውራጆች የተለየ ማዕረግ አላቸው። ባለ 2 ጊጋ ባይት ፊልም በዚሁ መስመር ላይ ብቻውን ቢወርድ 27 ደቂቃ ይበቃዋል። ከሌሎቹ ጋር ተጋፍቶ ሲወርድ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። የመውጫ ሰዓት ደርሶ 94 በመቶ ላይ ከቆመ ኮምፒውተሩ አይጠፋም፤ «ሪፖርት እያተመ ነው፣ እንዳትነኩት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ያድራል። ፕሪንተሩ ከተበላሸ ዓመት ቢሆነውም ወረቀቱን የሚጠራጠር የለም።

ኃላፊ ሲመጣ የሚደረገውስ? ጀማሪ የቪዲዮውን ገጽ በቀይዋ ምልክት ሊዘጋ ማውዙን ሲያሯሯጥ ይያዛል። የበሰለ ሰው አልትና ታብን ተጭኖ ወደ ኤክሴል ይሻገራል፤ ኤክሴሉ የአምናው ቢሆንም ግድ የለም፣ ቁጥር ቁጥር ነው። ችግሩ ድምፅ ነው፤ ገጹ ቢደበቅም ዘፈኑ አይደበቅም። በብሉቱዝ የሚሰማ ደግሞ ባትሪው ባለቀ ቅጽበት ድምፁ ወደ ስፒከሩ ይዛወርና ቢሮው በሙሉ የቀልዱ ተካፋይ ይሆናል። ኢንኮግኒቶ የሚባለውን ጥቁር ገጽ የሚተማመኑበትም አሉ። እሱ የሚሰውረው በዚያው ኮምፒውተር ላይ የሚቀረውን ታሪክ ነው፤ የተከፈተው ድረ ገጽ ስም በቢሮው መስመር ላይ ለሚከታተል ይታያል። ደግነቱ የሚከታተል የለም። ከሁሉ የከፋው ላፕቶፑ ከፕሮጀክተር ጋር ተገናኝቶ የሩብ ዓመቱ አፈጻጸም ሲቀርብ፣ ከግርጌ በቀኝ ጥግ የቴሌግራም መልእክት ብቅ ሲል ነው፤ «በርጫው ዛሬ እነማን ቤት ነው?» መፍትሔው በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ማሳወቂያን ማጥፋት ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ማን ያሳውቀናል?

መብራት ሲጠፋ የሚታየው ተቆርቋሪነት ደግሞ ዓይን ያስነባል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚተካው ዩፒኤስ አነስተኛ ከሆነ፣ ኮምፒውተርና ስክሪን ከተሸከመ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ራውተሩና የፋይበሯ ትንሽ ሳጥን ግን አንድ ላይ 20 ዋት እንኳ አይፈጁም፤ ባትሪው ደህና ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሠራሉ። ስለዚህ መብራት እንደሄደ አንዱ ተሯሩጦ የመስኮቱን ኮምፒውተር ይነቅልና ራውተሩን ይሰካል። ባለጉዳዩ «መብራት የለም» ይባላል። እሱም እውነት ነው። ስልኮቹ ደግሞ ሌሊት ቤት ተሞልተው ነው የመጡት።

ይህን ሁሉ ድካም መና የሚያስቀር አንድ ጠላት አለ፤ ሥራውን የሚያውቅ የአይቲ ባለሙያ። ይህ ሰው ወደ ራውተሩ ገጽ ገብቶ ለስልኮች የተለየ የእንግዳ ዋይፋይ ሊከፍት፣ ፍጥነቱን 2 ሜጋ ቢት ላይ ሊቆርጥ፣ ራውተሩም የሚፈቅድ ከሆነ ለመስኮቱ ኮምፒውተር ቅድሚያ ሊሰጥ ይችላል፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። አደጋው ግን እስካሁን ያን ያህል አላሰጋም። እንዲህ ያለ ቅንብር በተሠራ ቁጥር የቅድሚያው ዝርዝር አንደኛ መስመር ላይ የሚገባው የኃላፊው ስልክ ነው፣ ሁለተኛው የጸሐፊዋ፣ ሦስተኛው «ለሙከራ» ተብሎ የራሱ የአይቲው። የመስኮቱ ኮምፒውተር አራተኛ ይመዘገባል፤ በሳምንቱ ኃላፊው አዲስ ስልክ ሲገዙ አምስተኛ ይሆናል።