እርማት፦ ዘጌን መሳለም ንስሐን አይተካም
ወንድሜ፣ «ጣናን ተሻግሮ በዘጌ ያለውን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የተሳለመ ሰው የተሰወረ ኃጢአቱ ይሰረይለታል፤ ንስሐ አባት አያሻውም» ያልኸው እዚህ ባሕር ዳርም ደጋግሜ የምሰማው ስሕተት ነው። መሳለሙ በረከት አለው፤ ንስሐን ግን አይተካም። በምሳሌ 28፥13 ምሕረትን የሚያገኘው ኃጢአቱን የሚናዘዝና የሚተው ነው፤ መተዉን ደግሞ ብዙዎቻችን እንዘለዋለን።

የዘጌ ቡና ሲመዝን ጣቱን ሚዛኑ ላይ የሚያሳርፍ ነጋዴ አስብ። በመፈተኑ ብቻ አልበደለም፤ ጌታም ተፈትኗል (ማቴዎስ 4)። ጣቱ ሲያርፍ ግን በደለ። እንግዲህ ለካህኑ ይናዘዝ፣ ካህኑ የሚያዝዘውን የንስሐ ቀኖና ይቀበል፣ የገዢውንም ገንዘብ ይመልስ። ቀራጩ ዘኬዎስ «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው ጌታን በቤቱ ተቀብሎ ሳለ ነው (ሉቃስ 19፥8)፤ ጌታን መቀበሉ እንኳ መመለሱን አላስቀረም። ገዢው የማይገኝ ከሆነ ምን ይደረግ ለሚለው፣ ንስሐ አባቱን ይጠይቅ።