ክቡር አፈ ጉባኤ፣ አንድ ወንዝ አለኝ

የወረዳችን ተወካይ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪዬ ነበሩ። ዛሬ ሰው ሁሉ «ክቡር» ይላቸዋል። እኔ አፌ እምቢ ብሎኝ አሁንም «ጋሼ» እላቸዋለሁ። እሳቸውም «አንተ ልጅ» ማለታቸውን አልተዉም። ፀጉሬ እየሸሸ መሆኑን ያዩልኝ አይመስለኝም።

አንድ ሰኞ ማታ በሬን አንኳኩ። ክራቫታቸውን ፈተው ኪሳቸው ከተዋል፤ ጫፉ ወጥቶ ይታያል። ገና ሳይቀመጡ «ነገ እናገራለሁ» አሉ።

«የት?»

«የት ይባላል? ምክር ቤት ነዋ!»

ለማያውቅ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። 547 ወንበር ባለው ምክር ቤት ኋላ ተቀምጦ የመናገር ዕድል ማግኘት ግን ሎተሪ ነው። ጋሼ አራት ዓመት ሙሉ እጃቸውን ሲያወጡ ኖረዋል። «የምትደግፉ?» ሲባል የሚያወጡት እጅ አንድም ቀን ሳይቆጠር ቀርቶ አያውቅም። ለጥያቄ ሲያወጡት ነው ድንገት ከዓይን የሚሰወረው።

በማግሥቱ አንድ ሚኒስትር የዘጠኝ ወር ሪፖርት ያቀርባሉ። ጋሼ የሚጠይቁት ደግሞ የታወቀ ነው። ወረዳችንን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ አለ፤ ድልድይ የለውም። በጋ ጉልበት ይደርሳል፤ ክረምት በሬ ይወስዳል። ድልድዩ ይሠራል ከተባለ ስንት ዘጠኝ ወር አለፈ! ሴት ብትሆን ኖሮ በዘጠኝ ወሯ ወልዳ ተገላግላ፣ ክርስትናውንም በልተን ነበር።

«ጥያቄዬን እይልኝ፤ አንተ ጽሑፍ ታውቃለህ» ብለው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ድልድያችን መቼ ይሠራል?» ይላል። አለቀ።

«ጋሼ፣ ይኼ ግሩም ነው። ምን ጎደለው?»

በመነጽራቸው አናት አዩኝ። እንደገና አስተማሪ ሆኑ። «አንተ ልጅ፣ ዛሬም አሠራሩን ሳታሳይ መልሱን ነው የምትጽፈው። ይኼ የወረዳ ጥያቄ ነው። አገራዊ መልክ ያስፈልገዋል።»

እናም አገራዊ መልክ ስናለብሰው አመሸን። መጀመሪያ ምስጋና ገባ። ሚኒስትሩ ለሪፖርቱ፣ ቋሚ ኮሚቴው ለክትትሉ፣ አፈ ጉባኤው ለዕድሉ ተመሰገኑ። ቀጥሎ ስንዴ ገባ። «ስንዴና ድልድይ ምን አገናኛቸው?» ብላቸው «ስንዴው ካልተሻገረ ገበያ ይደርሳል እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስንዴው የኑሮ ውድነትን ጎተተ። የኑሮ ውድነቱ የውጭ ምንዛሪን ጎተተ። ምንዛሪው የባሕር በርን ጎተተ። ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ቀይ ባሕር ደርሰናል። የኛን ወንዝ ግን ገና አልተሻገርንም።

«ጋሼ፣ ድልድዩስ?»

ግንባራቸውን አሹ። ከወረቀቱ ግርጌ ቀጭን ቦታ ተርፋለች። እዚያች ላይ ፊደሉን አጥብበው ጻፉ፦ «በአንዳንድ አካባቢዎች የሚስተዋሉ የመሠረተ ልማት ክፍተቶች።»

ድልድያችን ክፍተት ሆነ። መቼም ቃሉ አልዋሸም። ድልድይ የሌለው ወንዝ ሌላ ምን ይባላል?

ሻይ ላይ ሕገ መንግሥቱን ጠቀስኩባቸው። አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል፤ ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ብቻ ነው። «ብቻ» የምትለዋን ጠበቅ አድርጌ ነው ያነበብኩላቸው።

ጋሼ ሳቁ። «ያቺን ‹ብቻ› የጻፋት ሰው፣ የመንግሥት ተጠሪ ቢሮ ተጠርቶ አያውቅም» አሉ። ተጠሪው የገዢው ፓርቲ አባላት ከመስመር እንዳይወጡ የሚጠብቀው ሰው ነው። ሻያቸውን ፉት ብለው ቀጠሉ። «በሕጉ የመላው ኢትዮጵያ ተወካይ ነኝ። አገር ቤት ስወርድ የወንዙ ተወካይ ነኝ። አዳራሽ ስገባ የፓርቲው ነኝ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ‹ለመሆኑ የኛስ ተወካይ ማን ነው?› ትለኛለች።»

ያው አንቀጽ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ሊያነሣው እንደሚችልም ይናገራል። ይቺንም ጣል አደረግሁባቸው። ምንም አልደነገጡም። «እኔን ለማንሣት መሰባሰብ ያስፈልጋል» አሉ። «ለመሰባሰብ ደግሞ ወንዙን መሻገር ያስፈልጋል።» ነገሩ የገባኝ እሳቸውን ሸኝቼ በሩን ስቆልፍ ነው።

ሰውየው ግን አልሠሩም አይባልም። በየዓመቱ የበጀቱ ሰነድ ሲታደል እንደ ውዳሴ ማርያም ጭናቸው ላይ ዘርግተው ነው የሚያነቡት። አንድ ቀን ቤታቸው ደርሼ አይቻለሁ። ጠመኔ ሲይዝ የኖረ ጠቋሚ ጣታቸው በፕሮጀክቶቹ ስም ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ድንገት ቆመ። ፊታቸው በራ። «ገብተናል!» አሉ። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩ። ስሙ ከኛ ወረዳ በአንድ ፊደል ይለያል። ሌላ ክልል ነው። ለነዚያ ሰዎች ድልድይ ሊሠራላቸው ነው። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «ይሁን፣ እነሱንም እኮ እወክላለሁ» አሉ። እኔ አንቀጽ 54 በተግባር ሲተረጎም ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ድሮ የተሻለ ነበር ብዬ አላሞኛችሁም። በንጉሡ ዘመን የመጀመሪያው የፓርላማ ምርጫ ሲደረግ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ስንዱ ገብሩ በዚያ ምርጫ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆነው ገቡ። መቼስ እሳቸው እጃቸውን ሲያወጡ አላየሁም ማለት የሚቻል አይመስለኝም። በ2002ቱ ምርጫ ደግሞ ከ547ቱ ወንበር የተቃዋሚው ድርሻ አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ ግርማ ሰይፉ። የብቸኛ ሰው ጥቅሙ እጁ የማን እንደሆነ አለማከራከሩ ነው። በ2007 ያቺም አንድ ቀረች። ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም ጠቀለሏት። ለድምፅ ቆጣሪ ከዚያ የበለጠ የዕረፍት ዘመን አልነበረም።

ዛሬ ተቃዋሚዎች ጥቂት ወንበር አላቸው። እነሱ ሲናገሩ ጋዜጠኛው ከእንቅልፉ ይነቃል። መከራው እንደ ጋሼ ላለው ነው፤ ገዢው ፓርቲ ውስጥ ሆኖ ኋላ ለተቀመጠው። ቢያመሰግን ማን ይሰማዋል? ቢያማርር ማን ይታገሠዋል?

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ስልኬን ውኃ መጠጫዬ ላይ አስደግፌ ቀጥታ ሥርጭቱን ከፈትኩ። አለቃዬ ሲያልፍ ሪፖርት የማነብ መሰልኩ። የሆነውም እሱ ነው።

ጋሼ ማይኩን አበሩ። «አመሰግናለሁ ክቡር አፈ ጉባኤ!» ድምፃቸው ሰባተኛ ክፍልን ዝም የሚያሰኘው የጥንቱ ድምፅ ነው። ሳላስበው ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ምስጋናው አለፈ። ስንዴው አለፈ። ምንዛሪውን ጨርሰው ቀይ ባሕር ላይ እንደደረሱ «ሰዓት» ተባሉ። ጋሼ ደነገጡ። ክፍተቶቹን በአንድ ትንፋሽ አንብበው ተቀመጡ።

ሚኒስትሩ የአሥሩንም ጠያቂ ጥያቄ ጻፉና ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ እንደሚመልሱ ተናገሩ። የወሰን ማስከበር ችግር አለ። የሥራ ተቋራጮች የአቅም ውስንነት አለ። የግብዓት ዋጋ ንሯል። ከዚያ ወረቀታቸውን አየት አድርገው «ከክፍተቶች ጋር ተያይዞ የተነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በትኩረት እየተሠራበት ነው» አሉ። የአሥር ሰው ወንዝ፣ ጉድጓድና የተቆረጠ መንገድ ተጨምቆ «ተገቢ» ሆነ። ጥያቄ ተገቢ ነው ሲባል መልስ አትጠብቁ። ቸር ሰንብቱ ማለት ነው።

ማታ አክስቴ ከወንዙ ማዶ ደወለች።

«አየሁት» አለች። «ፊቱ ሞላ ብሏል፤ ተመስገን። ስለ እኛ ግን መቼ ነው የሚናገረው?»

«ተናገሩ እኮ!»

«የቱ ጋ?»

«ክፍተት ሲሉ።»

ዝም አለች። «እኔማ አጥር መስሎኝ» አለች በመጨረሻ። «የማንን አጥር ነው እንዲህ በመንግሥት ፊት የሚያወራው እያልኩ ነበር።»

ሰኔ መጀመሪያ ላይ አገር ቤት ለቅሶ ነበረብን፤ ከጋሼ ጋር አብረን ወረድን። ዝናቡ ጀማምሮ ወንዙ ጭን ደርሷል። መኪናችን ዳር ላይ ቆመ። ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ ሱሪ አውልቆ መግባት፣ ወይ መታዘል። ሰው የሚያሻግሩ ጎረምሶች ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ጋሼ ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። አንዱ ጎረምሳ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። ክቡር የሕዝብ ተወካይ ሕዝብ ጀርባ ላይ ወጡ። እኔ ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ በአንድ እጄ የራሴን በሌላው የሳቸውን ጫማ አንጠልጥዬ ከኋላ ተከተልኩ። የቀኝ ካልሲያቸው አውራ ጣታቸው ጋ ተቀድዷል። ክፍተት፣ አልኩ በሆዴ።

መሀል ወንዝ ላይ ጎረምሳው ቆም ብሎ ሸክሙን አስተካከለ።

«ጋሼ፣ በቴሌቪዥን ስለ ድልድያችን የጠየቁት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«አዎ ልጄ።»

«እና እውነት ሊሠራ ነው?»

«በትኩረት እየተሠራበት ነው።»

ውኃው ውስጥ እንደቆመ አሰበ። ጋሼም ጀርባው ላይ ሆነው አብረውት አሰቡ፤ ምን ምርጫ አላቸው?

«እንግዲያው ስለ እኛም ይጠይቁልን» አለ ጎረምሳው። «ሰባት ነን። የምንበላው በዚህ ወንዝ ነው። ድልድዩ ከተሠራ እኛ የት ልንገባ ነው?»

የጋሼ ፊት ያን የበጀት ሰነድ ዕለት እንደበራው በራ። በአንድ እጃቸው የልጁን አንገት ጥምጥም አድርገው በሌላው የደረት ኪሳቸውን ይዳብሱ ጀመር።

«ሰማህ፣ አንተ ልጅ?» ብለው ወደ እኔ ጮኹ። «የወጣቶች ሥራ አጥነት! ይኼ እኮ አገራዊ ነው! እስክሪብቶ አቀብለኝ፣ ቶሎ በል!»

ሁለቱም እጆቼ ጫማ ይዘዋል።