መቀጮ ያለበት ሐዘን

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከቀብር መልስ ደብተሩን ሲገልጥ ያየ ሰው፣ ስለ ሥነ ምግባር ሌላ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልገውም። ስም ይጠራል። ሲለቀስ ድምፁ ያልተሰማ ሁሉ «አቤት!» ብሎ ያንባርቃል። የቀረ ይቀጣል። አንዳንዱ ለቀረ ጎረቤቱም «አቤት» ይልለታል። ጸሐፊው በመነጽሩ አናት ላይ አየት ያደርገውና ያልፈዋል። እሱም አንድ ቀን የሚልለት ይፈልጋላ።

መቀጮው ግን ይህን ያህል የሚያስሮጥ ብር አይደለም። ታዲያ ምን ያስሮጠናል? አጥር የሚያዋስነኝን ሰውዬ እንውሰድ። በቦይ ውሃ ተጣልተን ሰላምታ ካቆምን ቆይተናል። አማቱ ሲሞቱ ግን የድንኳኑን ብረት ተሸክሜ ግቢው ገባሁ። «እግዜር ያጽናህ» አልኩት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ድንኳኑ ሲነሳ ኩርፊያችንን ካቆምንበት ቀጠልን። እኔ እንደገባኝ ግዴታ የግድ ከፍቅር አይወለድም። ሰው ድንኳን ውስጥ ከተቀመጥክና ንፍሮውን ከቆረጠምክ፣ አለቀ፣ ተይዘሃል።

ደንባችን ሐዘንንም በደረጃ ከፍሎታል። ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ይህን ያህል፣ ለወላጅ ይህን ያህል፣ ለአማት ቀነስ ይላል። አክስት የለችም። አንዲት እናት በስብሰባ ላይ ተነስተው «እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት» አሉ። ዳኛው አሰቡ፣ አሰቡና «ታዲያ በጊዜው እናቴ ናት ብለው አያስመዘግቧቸውም ነበር?» አሉ። ቤቱ በሙሉ «እውነት ነው» አለ።

ጉዱ የመጣው ሰፈር ሲበተን ነው። በ2017 ከካዛንቺስ ተነስቶ ገላን ጉራ የገባ አንድ ወዳጄ አዲስ እድር ገባ፤ የድሮውንም አልተወም። አንድ እሁድ ከሁለቱም ጥሪ መጣ። የትኛውን ሟች የበለጠ እወድ ነበር ብሎ አልተጨነቀም። «የአባቴ ለቅሶ ላይ እነማን ነበሩ?» ብሎ አሰበ። ብድር በምድር ነው፤ ወደ ድሮዎቹ ሄደ። ዘግይቶ ስለደረሰ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ፣ ሐዘንተኛው ቀና እስኪል ሳል አበዛ። ካልታየ አልመጣም ማለት ነዋ!

ማታ የአዲሱን እድር መቀጮ በቴሌብር ላከና ለጸሐፊው «ሌላ ለቅሶ ገጥሞኝ ነው» ብሎ ጻፈላቸው። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ብሩ ደርሷል። የሌላ እድር ለቅሶ በደንባችን ምክንያት አይሆንም። ለማንኛውም ነፍስ ይማር።»